ማርከሩ በማን እጅ ነው?

የቅርጫት ኳስ ጨዋታው ሊጠናቀቅ 40 ሰከንድ ሲቀረው በአንድ ነጥብ እየተመራን ነበር። የቀረችኝን አንዲት ታይም አውት፣ ጨዋታውን ለአፍታ የምታስቆም እረፍት፣ ጠየቅኩ። ልጆቹ እያለከለኩ ከበቡኝ። በአንድ ጉልበቴ ተንበርክኬ ሰሌዳውን በሌላው ላይ አስደገፍኩና በማርከር መሳል ጀመርኩ። ከአንዷ አገጭ የወረደ የላብ ጠብታ ሰሌዳው ላይ አርፎ አንዱን መስመር አጠፋብኝ፤ በመዳፌ ጎን ጠርጌ እንደገና ሳልኩት። ልጆቹ የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ሴቶች ናቸው። እኔ ደግሞ ጫማዬን ከሰቀልኩ ገና ሦስተኛ ዓመቴ ነበር።

በዚህ መሐል ከጀርባ አንድ ድምፅ መጣ። «አሰልጣኝ፣ ሰባት ቁጥሯ ወደ ግራዋ መዞር ይከብዳታል። በቀኛችን ብንሄድስ?» ይህን ያለችው በዚያ ጨዋታ አንዲት ደቂቃ እንኳ ያልተሰለፈች ልጅ ናት። «ቆዪ፣ አሁን አይደለም» አልኳት፤ ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም። ፊሽካው ተነፋ። ኳሱ እንደሳልኩት ወደ ግራው ማዕዘን ሄደ። ሰባት ቁጥሯ በሚቀናት በቀኟ በኩል በሁለት እርምጃ ደርሳ ኳሱን በጣቷ ጫፍ ነካችው። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።

ልጅቷ «ብዬ ነበር» አላለችም። የውኃ ጠርሙሶቹን ለቀመች፣ ኳሶቹን አንድ በአንድ ከረጢቱ ውስጥ ከተተች፣ ገመዱን ሁለቴ ጠምጥማ ቋጠረችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ብዙ ጨዋታ ተሸንፌ ብዙውን ረስቻለሁ። ያ የገመድ አቋጠር ግን ከዓይኔ አልጠፋም።

ለብዙ ጊዜ የሚቆረቁረኝ እሷን አለመስማቴ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ምሽት ያንን የመጨረሻ ስዕል ወረቀት ላይ ደግሜ ስስለው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። የግራው ማዕዘን በተጫዋችነት ዘመኔ የምወደው ቦታ ነው። ከዚያ ስወረውር ቅርጫቱን ባላየው እንኳ እጄ መንገዱን ያውቀው ነበር። ሰሌዳው ላይ ማዕዘኑ ውስጥ ያስቀመጥኳት ክብ ያቺ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አልነበረችም፤ እኔው ነበርኩ። መጫወት ያቆምኩ መስሎኝ በልጆች እግር እየተጫወትኩ ኖሬአለሁ።

ስለ አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ስለ ስቲቭ ከር አጥብቄ ማሰብ የጀመርኩት ከዚያ ምሽት በኋላ ነው።

ከወንበሩ የሚታየው

ከር በተጫዋችነት አምስት፣ በአሰልጣኝነት አራት የኤንቢኤ (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ) ዋንጫ ማንሳቱን ቅርጫት ኳስ የሚከታተል ሁሉ ያውቃል። እኔን የያዘኝ ሌላ ቁጥር ነው። በ15 የውድድር ዘመን 910 መደበኛ ጨዋታዎችን ተጫውቶ በቋሚነት የተሰለፈው በ30ዎቹ ብቻ ነው። ቀሪዎቹን 880 የጀመረው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌሎች ሲጫወቱ እያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ወደ ሊጉ ሲመረጥ ተራው 50ኛ ነበር። ፈጣን አይደለም፤ ከፍ ብሎ አይዘልም፤ በ1986 ስፔን ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ጉልበቱ ተጎድቶ አንድ ሙሉ የዩኒቨርሲቲ የውድድር ዘመን አልፎታል። የነበረው ሀብት አንድ ነው፤ ኳሱ ሲደርሰው አይስትም። ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ ከወረወራቸው ኳሶች 45.4 በመቶው ገብተውለታል፤ በሊጉ ታሪክ የሚስተካከለው አልተገኘም።

እኔን የሚደንቀኝ ከአወራወሩ ይልቅ አጠባበቁ ነው። ረጅም ሰዓት ተቀምጦ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ተነሥቶ በመጀመሪያዋ ኳስ ማስቆጠር ያለበት ሰው፣ አካሉ ወንበር ላይ ቢሆንም ዓይኑ ሜዳ ውስጥ መዋል አለበት። ማን እንደደከመ፣ የቱ ተከላካይ አርፍዶ እንደሚደርስ፣ የትኛው ጎን እንደላላ ካላየ፣ ሲገባ ለጨዋታው እንግዳ ይሆናል። በ2003 ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ከዳላስ ማቬሪክስ ጋር ያደረገውን ስድስተኛውን የምዕራብ ፍጻሜ ጨዋታ አስታውሳለሁ። ከር 37 ዓመቱ ነው፤ በዚያ የጥሎ ማለፍ ውድድር ሜዳ የገባው እምብዛም ነው። ቶኒ ፓርከር ታሞ ስለነበር ዘግይቶ ተጠራ። አራት ባለ ሦስት ነጥብ ኳሶችን ወረወረ፣ አራቱም ገቡ። ስፐርስ ከመመራት ተነሥቶ 90 ለ78 አሸነፈ። ከር በዚያው ዓመት አምስተኛ ዋንጫውን ይዞ ጫማውን ሰቀለ።

የእኔም ልጅ የምታየው በዚህ ዓይን ነበር። እኔ ኳሱን ስከተል እሷ እግር ትከተል ነበር።

ሜዳ ላይ የነገሠ ሁሉ ጥሩ አሰልጣኝ እንደማይሆን ብዙ ተብሏል። ማጂክ ጆንሰን በቅብብል ጥበቡ አቻ ያልተገኘለት ሰው ነው፤ በ1994 ሌከርስን በአሰልጣኝነት ይዞ ከ16 ጨዋታ አምስቱን አሸንፎ በ11ዱ ተሸንፏል። ፊል ጃክሰንና ፓት ራይሊ በተጫዋችነት ዘመናቸው በአብዛኛው ተቀያሪ ነበሩ፤ በአሰልጣኝነት ጃክሰን 11፣ ራይሊ ደግሞ አምስት ዋንጫ ወስደዋል። ይህን ግን ሕግ ላደርገው አልፈልግም። ቢል ራስል በ1968 እና በ1969 ቦስተንን ሻምፒዮን ያደረገው ራሱ እየተጫወተ ራሱ እያሰለጠነ ነው፤ ከእሱ የሚበልጥ ንጉሥ ደግሞ ሜዳ አላየችም። ወንበርም ቢሆን ሁሉንም አያስተምርም። ተቀምጠው የራሳቸውን በደል ብቻ ሲቆጥሩ የሚያመሹ ተጫዋቾችን አውቃለሁ፤ አንዳንድ ዓመት እኔም እንዲሁ አምሽቻለሁ።

አሰልጣኙ ያልተናገረው ቃል

ታይም አውት የአሰልጣኙ ሰዓት ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ተጫዋች ይተነፍሳል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ያዳምጣል። ያንን እምነቴን መጀመሪያ ያነቃነቀው የ1997ቱ የፍጻሜ ውድድር ምስል ነው።

ቺካጎ ቡልስና ዩታ ጃዝ በስድስተኛው ጨዋታ 86 ለ86 ላይ ናቸው። ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው የቀረው። የመጨረሻው ኳስ ወደ ማይክል ጆርዳን እንደሚሄድ ዩታም፣ ቺካጎም፣ ቤቱ ሆኖ የሚያየውም ሁሉ ያውቃል። ወንበሩ ላይ ጆርዳን አጠገቡ ወዳለው ከር ዘወር አለና የዩታው ጆን ስቶክተን አንተን ጥሎ እኔን ሊያግዝ ይመጣል፣ ተዘጋጅ አለው። ከርም እሺ፣ ዝግጁ ነኝ አለ። ካሜራው ይህን ቀርጾታል፤ ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንዳየሁት አላውቅም። ከዚያ እንደተባለው ሆነ። ስቶክተን መጣ፣ ጆርዳን አቀበለ፣ ከር ከነጻ ቅጣት ክልሉ አናት ላይ ወረወረ። አምስት ሰከንድ ሲቀር ኳሱ ገባ። ጨዋታው 90 ለ86 አለቀ፤ ዋንጫው የቺካጎ ሆነ።

እነዚህ ሁለቱ ከሁለት ዓመት በፊት ልምምድ ላይ ተደባድበው ነበር። ጆርዳን ከርን ዓይኑ ላይ በቡጢ መትቶት የቺካጎው አሰልጣኝ ፊል ጃክሰን ጆርዳንን ከልምምድ አስወጣው፤ ጆርዳን በኋላ ስልክ ደውሎ ከርን ይቅርታ ጠየቀው። ከር ራሱ ከዚያ በኋላ ጆርዳን እንዳመነኝ ተሰማኝ ብሏል።

እኔ ደጋግሜ የማየው ግን ጃክሰንን ነው። ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ዋንጫ በግማሽ ደቂቃ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ከእሱ ሰሌዳ ያልወጣ ቃል ወንበሩ ላይ ከሰው ወደ ሰው ተላለፈ። «ዝም በሉ፣ እኔን ስሙ» የሚል አልነበረም። ያቺን የአንድ ዓረፍተ ነገር ወሬ የሰማት፣ የተቀበላትና በእጁ የጨረሳት ሰው ከ17 ዓመት በኋላ አሰልጣኝ ሆነ። ወንበር ላይ የሚወራ ነገር ምን ሊወልድ እንደሚችል ማንም ሊነግረው አያስፈልገውም ነበር።

በሌሊት የመጣ ሐሳብ

በ2014 ጎልደን ስቴት ዋሪየርስን ሲረከብ አንድም ቀን አሰልጥኖ አያውቅም። ቡድኑ ደግሞ የወደቀ አልነበረም፤ 51 ጨዋታ አሸንፎ ነው አሰልጣኙን ያሰናበተው። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የአሜሪካ እግር ኳስ አሰልጣኝ ወደሆነው ወደ ፒት ካሮል ሄዶ ልምምዱን ተመለከተ። ካሮል ቡድንህን እንዴት ልታሰለጥን ነው ብሎ ሲጠይቀው፣ ከር ስለ ማጥቃት ስልት ማውራት ጀመረ። ካሮል ግን የጠየቀው ስለ ስልት አልነበረም፤ ሰው በየማለዳው ወደዚያ አዳራሽ ሲገባ ምን ይሰማዋል ነው ያለው። እኔ ይህን ጥያቄ ቢጠይቁኝ ኖሮ የማወጣው ሰሌዳዬን ነበር።

ዋሪየርስ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በጨዋታ ውስጥ በሚያደርገው የቅብብል ብዛት ከሊጉ መጨረሻ ነበር። ከር በየጨዋታው 300 ቅብብል ጠየቀ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ እነዚያው ተጫዋቾች 67 ጨዋታ አሸነፉ። ነገር ግን ለዚህ ክፍፍል ዋጋ የከፈለ ሰው ነበረ። አንድሬ ኢጉዋዳላ እስከዚያ ድረስ 758 ጨዋታ ተሰልፎ በ758ቱም ቋሚ ነበር። ከር ከወንበር ተነሥተህ ግባ አለው። እስቲ አስቡት፤ 758 ጊዜ ቋሚ የሆነን ሰው 30 ጊዜ ብቻ ቋሚ የነበረ ሰው ወንበር ላይ ተቀመጥ ሲለው። ወንበሩን የማያውቅ አሰልጣኝ ቢሆን ንግግሩ ቅጣት ይመስል ነበር።

በ2015 የፍጻሜ ውድድር ዋሪየርስ በክሊቭላንድ 2 ለ1 ተመራ። የቡድኑ የ28 ዓመት ረዳት ኒክ ዩረን፣ አሰልጣኝ እንኳ የማይባል፣ ቪዲዮ በማዘጋጀትና ጉዳይ በማስፈጸም የሚሠራ ልጅ፣ ሌሊት ተቀምጦ ያለፈውን ዓመት የፍጻሜ ጨዋታዎች ሲያይ አንድ ሐሳብ መጣለት። ረጅሙ አንድሩ ቦገት ይውጣና ኢጉዋዳላ ቋሚ ይሁን። ሐሳቡን በዚያው ሌሊት ላከ። ከር ተቀበለው። አራተኛው ጨዋታ 103 ለ82 አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ክሊቭላንድ አንድም አላሸነፈም፤ ለዋሪየርስ ከ40 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ዋንጫ ሆነ። የፍጻሜው ኮከብ ተጫዋች የተባለውም ኢጉዋዳላ ነው።

እዚህ ላይ ልቤን የነካው ከር ሐሳቡን መቀበሉ ብቻ አይደለም። ጨዋታው ሲያልቅ ሐሳቡ የማን እንደነበር በጋዜጠኞች ፊት ስም ጠርቶ ተናገረ። እኔ «ቆዪ፣ አሁን አይደለም» ስል ልጅቷ ትክክል ሳትሆን ቀርታ አይደለም፤ ትክክል ብትሆን ጨዋታው የማን ይሆን ነበር? ይህን ጥያቄ በዚያች ደቂቃ በቃል አላሰብኩትም። እጄ ግን አስቦታል፤ ማርከሩን አጥብቆ ይዞት ነበር።

ሰሌዳው ሲተላለፍ

አሁን ወደዚያ ምሽት ልምጣ፤ የካቲት 12 ቀን 2018 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ኦክላንድ ላይ። ዋሪየርስ ከፊኒክስ ሰንስ ጋር ይጫወታል። ታይም አውት ተጠራ። ተጫዋቾቹ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸው ሰሌዳ ይዞ የተንበረከከው ግን ከር አይደለም፣ ኢጉዋዳላ ነው። በሌላኛው ታይም አውት ዴቪድ ዌስት ያዘው፤ በሌላኛው ድሬይሞንድ ግሪን። ከር ከክቡ ወጣ ብሏል።

መጀመሪያ ሳየው ደስ አላለኝም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ከሚሉት ወገን ነበርኩ። ከፊኒክስ ተጫዋቾችም ንቀት ነው ያሉ ነበሩ፤ ስሜታቸው ይገባኛል። ጨዋታው 129 ለ83 አለቀ፤ ፊኒክስ ግን በዚያ ዓመት ከሊጉ መጨረሻ የሆነ ቡድን ነው፤ በማንም ይሸነፍ ነበር። ስለዚህ በ46 ነጥብ ልዩነቱ ምንም ማረጋገጥ አይቻልም፤ ማረጋገጥም አልፈልግም።

የለወጠኝ ከር በኋላ የሰጠው ምክንያት ነው። በዚያ ወር ቃሌ አልደርስ ብሏቸዋል፤ ድምፄ ሰልችቷቸዋል፤ እኔንም የራሴ ድምፅ ሰልችቶኛል አለ። ሦስት ዋንጫ በአራት ዓመት ሊወስድ የተቃረበ አሰልጣኝ ነው ይህን የሚለው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። እኔ ይህን ተረት ስሰማ የኖርኩት ለጥንቃቄ ሲባል ነው፤ አትናገር፣ ምንም አይመጣብህም እንደማለት። አሰልጣኝ ዝም ሲል ግን ዝምታው ባዶ ቦታ ይተዋል፤ በዚያ ቦታ ሌላ ሰው መግባት አለበት። የኢጉዋዳላን ፊት ተመልከቱ። ማርከር የያዘ ተጫዋች የራሱን ቦታ ብቻ ስሎ ማቆም አይችልም። ቀሪዎቹን አራቱን የት እንደሚያደርጋቸው መወሰን አለበት። ያን ጊዜ፣ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አምስቱንም ያያል።

እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ለልጆቼ አምስት ክብ ስዬላቸዋለሁ። እያንዳንዳቸው የሚያዩት የራሳቸውን አንዷን ብቻ ነበር። ጥፋቱ የእነሱ ነው እል ነበር።

ቡጢው ሲደገም

ከርን ጻድቅ እያደረግኩት እንዳይመስል፣ የሚከነክነኝን አንድ ነገር መዝለል አልፈልግም። በጥቅምት 2022 ድሬይሞንድ ግሪን ልምምድ ላይ የቡድን አጋሩን ጆርዳን ፑልን በቡጢ መታው፤ ቪዲዮው ወጣ። ከር በአሰልጣኝነት ዘመኔ የገጠመን ትልቁ ቀውስ ነው አለ። ግሪን ተቀጣ፤ ለተወሰኑ ቀናት ከቡድኑ ተለይቶ ተመለሰ። ዓመቱ ግን አልተቃናም። ዋሪየርስ በሁለተኛው ዙር በሌከርስ ተሸንፎ ወጣ፣ ፑል በዚያው በጋ ወደ ዋሽንግተን ተዛወረ። ከርም በመጨረሻ በመካከላችን መተማመን ጠፍቶ ነበር ብሎ አመነ።

በቡጢ የተመታና ከቡጢው መተማመን ያገኘ ሰው ነው ይህ የደረሰበት። ከር በልቡ የ1995ቱን ልምምድ አስታውሶ ይሆን? አላውቅም፤ በእሱ አፍ ቃል ማስገባት አልፈልግም። እኔ ብሆን ኖሮ ግን አስታውሰው ነበር። እኛም አልፈንበታል፣ ይበርዳል እል ነበር። የግራው ማዕዘን ማለት ይኸው ነው፤ ለእኔ የሠራልኝ ቦታ። ፑል ከር አይደለም፣ ግሪን ጆርዳን አይደለም፣ 2022ም 1995 አይደለም። ተጫዋችነቴ ያስተማረኝ ነገር መቼ መብራት፣ መቼ መጋረጃ እንደሚሆን እስካሁን መለየት ያቅተኛል። ሙያውን የሚያከብደው ይህ ይመስለኛል። ያየኸውን ሁሉ ይዘህ ትመጣለህ፤ ፊትህ ያለው ልጅ ግን አንተ ያየኸውን አላየም፤ እሱ የሚያየውን ደግሞ አንተ አታይም።

ሽንፈቱ ባለፈ በብዙ ሳምንታት፣ አንድ የልምምድ ቀን፣ አምስት ለአምስት ከፍዬ ሳጫውት ጨዋታውን አቆምኩ። ያቺን ልጅ ጠራኋት። በዚያን ቀን ስላልሰማኋት ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ጓደኞቿ እየሰሙ ነው። ምንም አላለችም፣ አንገቷን ብቻ ነቀነቀች። ከዚያ ሰሌዳውንና ማርከሩን ሰጠኋት። ተቀበለችና የምሬን መሆኑን ለማወቅ ዓይኔን አየች። ክዳኑን ነቅላ በጥርሷ ያዘችው። አንድ መስመር ሳለች፣ በአውራ ጣቷ አጠፋችው፣ ሌላ ሳለች። «አይ፣ አንቺ እዚህ አይደለሽም፤ ወደዚህ ነይ» አለቻት አንዷን። ሌላዋ «ከዚያስ እኔ?» አለች። ተጠጋጉ፤ ራሶቻቸው ሰሌዳው ላይ ተጋጠሙ።

እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ምን እንደሳለች አልታየኝም።